የክላፋም ስብሰባና የኪልበርን አልጋ

ለንደን ደርሶ የተመለሰ ሰው የንግሥቲቱን ቤተ መንግሥት ካላየ እንደሄደ አይቆጠርለትም። እኔ አላየሁትም። ሁሉም የሚያወራለትን ትልቅ ሰዓት እንኳ ያየሁት ከአውቶቡስ መስኮት ነው፤ እሱንም ግማሹን ብቻ፣ አጠገቤ የቆመ ሰውዬ በጃንጥላው ጋርዶኝ። ስለዚህ ከተመለስኩ ጀምሮ «እስቲ ንገረን» ለሚሉኝ ሁሉ ስለ አየሩና ስለ ሻዩ እነግራቸዋለሁ። እነሱም «አይ፣ ይሄ ሰው ምንም አላየም» ብለው ይተዉኛል። ያየሁትስ ብዙ ነው፤ ግን ለእንግዳ ጠያቂ የሚነገር ዓይነት አይደለም። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

መጀመሪያ ዋናውን ልበል። እኔ ወንድ የምወድ ወንድ ነኝ። ለዚህ በአማርኛ ያለው ስም ስድብ ስለሆነ አልጠቀምበትም። የለንደኖቹ ደግሞ «ጌይ» ይላሉ፤ በዚያ ስም ሲጠሩኝም የሌላ ሰው ኮት ያለበሱኝ ይመስለኝ ነበር። ሥራዬ አሳንሰር መጠገን ነው። ደርግ ከመጣ ወዲህ በመሥሪያ ቤታችን ሕንፃ ውስጥ የማይቋረጥ ነገር ቢኖር ስብሰባና የአሳንሰር ብልሽት ነው፤ ስብሰባው አምስተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ ሁለቱም የሚደርሱት እኔ ላይ ነው። አሳንሰሩን የሠራው ኩባንያ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ሰው ላኩ ሲል ዕጣው ለእኔ ወጣ።

ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ዋስ ሳይጠራ ንቅንቅ አይልም። ሰውየው ከቀረ ዋሱ ይጠየቃል። የእኔ ዋስ አጎቴ ናቸው። ፈርመው ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም አሉና «ብትቀርም ስለ እኔ አታስብ፤ ጡረታ የወጣን ሽማግሌ ምን ያደርጉታል?» አሉኝ። ለምን እንዲህ እንዳሉኝ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አላብራሩም። እኛ ቤት እንዲህ ነው የምንነጋገረው።

ለምን እንዳሉኝ ግን ይገባኛል። ዳንኤል ያለው ለንደን ነበር። ዳንኤልና እኔ ከመለያየታችን በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት ተከራይተን ለዓመታት ኖረናል። ጎረቤት «ጓደኛሞቹ» ይለን ነበር፤ እኛም አቤት እንል ነበር። በኋላ የቀይ ሽብሩ ነገር በጎረቤቶቻችን በር ሲያልፍ ዳንኤል በሱዳን በኩል ወጣ፤ እኔ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ በሰው በሰው የሚደርሰኝ መልእክት ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ከመጣህ እንዳትመለስ።» ሳምንቱን ሙሉ ይዤው የዞርኩት ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ ከዳንኤል ጋር ልቅር ወይስ ልመለስ።

እሑድ ጠዋት ሂትሮው ደረስኩ። የሚቀበሉኝና ኪልበርን ቤታቸው የሚያሳድሩኝ የአንድ ባልደረባዬ አክስት እማማ ለተብርሃን ነበሩ። እዚያው ሂትሮው በጽዳት ይሠራሉ፤ የሌሊት ፈረቃቸውን ጨርሰው ሽርጣቸውን እንደለበሱ መጥተው ወንበር ላይ አንቀላፍተው አገኘኋቸው። የአስመራ ሰው ናቸው። አማርኛውን የተማሩት ትምህርት ቤት ስለሆነ ከእኔ ይልቅ አጥርተው ይናገራሉ።

«አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፤ እኔ ከመንግሥትህ የሸሸሁ ነኝ» አሉኝ ሻንጣዬን ከእጄ እየቀሙ። «ምሳ ግን ምሳ ነው። ና እንሂድ።»

ባቡር በምድር ውስጥ ስንቀይር የመጀመሪያው ውርደት ደረሰብኝ። የሚንቀሳቀሰውን ደረጃ ሳይ የሥራዬ ጉዳይ ነውና እግሬን በግራ በኩል ተክዬ ጥርሶቹ እንዴት እንደሚገጣጠሙ ማየት ጀመርኩ። ለካ በግራ መቆም ነውር ኖሯል። ከኋላዬ ያለው ሕዝብ ሁሉ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ በክርን ይደቁሰኛል። አገሬ ቢሆን አንዱ «ምን ይገትርሃል!» ይለኝና ነገሩ ያልቅ ነበር። እነዚህ ግን ይቅርታ እየጠየቁ ይሰድቡሃል፤ መልስ አይሰጣቸውም።

ሰኞ ሥልጠናው ተጀመረ። አሠልጣኙ እስከ ምሳ ድረስ አሳንሰር የሚበላሸው ከተፈቀደው ሰው በላይ ስለሚታጨቅበት መሆኑን አስረዳን። ይህን ለመስማት ባሕር መሻገር አያስፈልግም ነበር። ምሳው በቀዝቃዛ ዳቦ መካከል የተኛ ቀዝቃዛ ዱባ መሳይ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።

ከሥራ በኋላ ዳንኤል ኪልበርን ሃይ ሮድ ላይ አንድ ጫማ ቤት በር ቆሞ ጠበቀኝ። መጀመሪያ አላወቅሁትም። የማውቀው ዳንኤል ጎፈሬያም፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሰው ሲያየው አንገቱን የሚሰብር ልጅ ነበር። ይሄኛው ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ወፍራም ሪዝ አሳድጓል፤ ጠባብ ጂንስ ለብሶ ደረቱ ላይ መፈክር የተጻፈባቸው ባጆች ደርድሯል። ስንተቃቀፍ ግን ትከሻው የድሮው ትከሻ ነው። አለቀስኩ፤ እሱም አለቀሰ። ከዚያ እንደ ልማዳችን እጁን ያዝኩና መንገድ ጀመርን።

እጁን መንጭቆ አስለቀቀኝ።

«ምነው?» አልኩት።

«እዚህ አይሆንም። ይደበድቡናል።»

«ማን?»

«ሰዎች ናቸዋ! ከመጠጥ ቤት የሚወጡት፣ ጎረምሶቹ፣ ሁሉም! ባለፈው ብራያንን እዚህ መታጠፊያው ላይ ጥርሱን አወለቁት።»

ብራያን፣ ዳንኤል ክላፋም ውስጥ ከሌሎች ወንዶች ጋር የሚኖርበት ቤት አባል እንደሆነ ቀደም ብሎ ነግሮኛል። ለጥርሱ አዘንኩ፤ ቢሆንም ንዴቴ አልበረደም። እኛ እኮ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ እጅ ለእጅ ተያይዘን በጠራራ ፀሐይ ስንመላለስ የኖርን ሰዎች ነን። ወታደር መታወቂያ ሲጠይቀን እንኳ የተያያዘውን እጃችንን ሳንለቅ በሌላው እጃችን ነበር ኪሳችን የምንገባው። ወታደሩም ሁለት ጓደኛሞች ሲያይ የሚታየው ሁለት ጓደኛሞች ነው። ነፃነት አለበት የተባለው አገር መጥቼ የወዳጄን እጅ መያዝ ተከለከልኩ። እጄን ኪሴ ከትቼ አጠገቡ ሄድኩ፤ እጄም ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው።

ማክሰኞ እማማ ለተብርሃን «ጓደኛህን ይዘኸው ና፤ የአበሻ ልጅ በባዕድ አገር ብቻውን አይብላ» አሉ። ፓስታ በበርበሬ አድርገው እንደ አስመራ ሠርተው ጠበቁን። ዳንኤል ከመግባቱ በፊት ባጆቹን በር ላይ ነቅሎ ኪሱ ሲከት አየሁት። ሲበላ ግን የድሮው ዳንኤል ተመልሶ መጣ፤ «እማማ፣ ይጨመርልኝ» አለ፤ ሳህኑንም በዳቦ ጠረገ። ስለ ልጅነቱ አጫወታቸው። እሳቸውም በሳቅ እንባቸው መጣ።

ልንነሳ ስንል ዝናቡ ወረደ። በጋ ነው ያሉኝ አገር ዝናቡ እንደ እኛ ሐምሌ ነው፤ ልዩነቱ የእኛው ዘንቦ ያባራል።

«የት ትሄዳለህ በዚህ ዝናብ?» አሉት እማማ ለተብርሃን። «ክላፋም እኮ ሌላ አገር ማለት ነው። አውቶቡስ ሁለቴ መቀየር፣ እሱም ከመጣ። አልጋው ሰፊ ነው፤ ተጠጋግታችሁ ተኙ። ሁለት ወንዶች ምን ችግር አለባቸው?» ብለው አንድ ብርድ ልብስ ጨምረው ሰጡን።

ስለዚያ አልጋ ብዙ አልጽፍም፤ የእኛ ነው። ይህን ያህል ግን እላለሁ፤ ዳንኤል ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ዕለት እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። ጠዋት ስንነሳ እማማ ለተብርሃን ሥራ ሄደዋል፤ የሁለት ሰው ቁርስ ከድነው ትተውልናል።

ረቡዕ የክላፋሙ ቤት ተራ ሆነ። ዳንኤል «ቤቱ እንዲያውቅህ እፈልጋለሁ፤ እዚያ ለማደር ደግሞ ቤቱ መስማማት አለበት» አለኝ። ይህን ስሰማ ነገሩ ወዲያው የገባኝ መሰለኝ። እኛ አገር እንግዳ ሲያድር ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ስለዚህ ፓስፖርቴን፣ የቀበሌ መታወቂያዬን፣ ከመሥሪያ ቤቴ የተጻፈልኝንም ደብዳቤ በፖስታ አድርጌ ይዤ ሄድኩ።

ቤቱ በሩ ወይን ጠጅ ቀለም የተቀባ ነው፤ ስድስት ወንዶች ይኖሩበታል። ብራያን የሚባለው በሩን ከፈተልኝ። ረጅም፣ ፊቱ ቀይ፣ ሃምሳ የሚጠጋው ሰው ነው፤ የጎደለችውን ጥርሱንም አየሁ። ወረቀቶቼን አውጥቼ ፊቱ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩለት።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ለማደር ፈቃድ ያስፈልጋል ስላሉኝ ነው» አልኩት በትንሿ እንግሊዝኛዬ።

ሰውየው ጆሮው ድረስ ቀላ። «እኛ ፖሊስ አይደለንም! እባክህ ሰብስበው፤ እባክህ!»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትጠይቁኝ?»

ምን እንደሚጠይቁኝ ብዙም ሳይቆይ አየሁ። ሁሉም ትራስ ላይ መሬት ተቀመጡ። ሰብሳቢ ተመረጠ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተመረጠ፤ አጀንዳ ተነበበ። አንደኛው አጀንዳ የሽንት ቤት ጽዳት ተራ ነው፤ ሁለተኛው አጀንዳ እኔ። በሽንት ቤቱ ላይ የተደረገው ውይይት ከሥነ ሥርዓት ጥያቄ ጀምሮ የራስን ድክመት በግልጽ እስከ መናገር ደረሰ። እኔ ልክ አምስተኛ ፎቅ ያለሁ መሰለኝ። እንዲህ ያለውን ሂስና ግለሂስ ሸሽቼ አህጉር አቋርጬ ስመጣ እዚህ ትራስ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቢያይ በቅናት ያብድ ነበር።

ወደ እኔ ሲዞሩ ሰብሳቢው «ታሪክህን ንገረን» አለኝ።

«ስሜ ጌታሁን ነው። አሳንሰር ጠጋኝ ነኝ። ሁለት እህቶች አሉኝ።»

«እሱን ሳይሆን» አለ አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት፤ «ለቤተሰብህ መቼ ነገርካቸው?»

«ምኑን?»

«ማንነትህን።»

ዳንኤልን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። «አልነገርኳቸውም» አልኩ። «ዳንኤል የሄደ ሰሞን እህል አልወርድ አለኝ። ታላቅ እህቴ በየቀኑ አጥሚት ይዛልኝ ትመጣ ነበር። ምን ሆንክ አላለችኝም፤ ተቀምጣ ጠጥቼ እስክጨርስ ትጠብቀኝና ዕቃዋን ይዛ ትሄዳለች። ለእኔ ይህ ይበቃኛል።»

 ባለመነጽሩ ከልቡ አዘነልኝ። «ይህ እኮ ራስን መጥላት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ራሴን አልጠላም» አልኩ፤ «እኔ የምጠላው ስብሰባ ነው።»

ብራያን ብቻ ሳቀ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ጻፈው። ከዚያ እጅ ወጥቶ እንዳድር በሙሉ ድምፅ ተፈቀደልኝ፤ እኔ ግን አመስግኜ ወደ ኪልበርን ተመለስኩ። ለማኅበር ጉዳይ እንጂ ለእንቅልፍ የሚሆን ቤት አይደለም። ፍርድ ላለማጉደል ግን ምግቡን ላመስግን። ረቡዕ ጾም ነው ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ ምስር ወጥ የመሰለ ነገር በሩዝ አቀረቡልኝ። ለካ እነዚህ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ሥጋ አይቀምሱም። አንዳቸውም እግዚአብሔርን አያነሱም፤ በጾሙ ግን ደብረ ሊባኖስን ያስንቃሉ።

ሐሙስ ከሥራ በኋላ «ደግሞ ስንዝናና እየን» ብለው ምድር ቤት ወዳለ ጭፈራ ቤት ወሰዱኝ። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ውስጡ ጨለማ ነው። ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል፤ ሰው ሰውን የሚያነጋግረው አፉን ጆሮው ውስጥ ከትቶ ነው። ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ሁሉም ያንኑ ጂንስ፣ ያንኑ ባለመስመር ሸሚዝ ለብሰው፣ ያንኑ ሪዝ አሳድገው ቆመዋል። ሌላው እንዳይመስሉ የታገሉ ሰዎች ተሰብስበው እርስ በርሳቸው ተመሳሰሉ። እኛስ ካኪውን በግድ ነው የለበስነው። እኔ በአሥመላሽ ልብስ ስፌት የተሰፋች ኮቴንና ከረባቴን አድርጌ መሃላቸው ስቆም አንዱ የግብር ሰብሳቢ መስዬው ኖሮ መጠጡን ይዞ ዞር አለ። ሌላው እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለና ስሜን እንኳ ሳይጠይቀኝ ወደ ጨለማው ጥግ በአገጩ ጠቆመኝ። «ይቅርታ» አልኩት፤ ቢያንስ ይህን ቃል ተምሬያለሁ።

ዳንኤል መሃል ገብቶ ይጨፍር ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ደስ ብሎት። አዲስ አበባ ሳለን በሰርግ ላይ እንኳ እስክስታ ለምነነው የማይወርድ ልጅ ነበር። ደስታው ደስ አለኝ፤ እኔ የሌለሁበት መሆኑ ደግሞ አንገበገበኝ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ራሴን ሲፈልጠኝ ብራያን አይቶ ወደ ውጭ አወጣኝ። የተጠበሰ ድንች በወረቀት ገዝቶ ሰጠኝና እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኘኝ።

«እኔም አልወደውም» አለኝ መንገድ ላይ። «ሙዚቃውም ያመኛል። ግን ወጣት ሳለሁ ለዚህ ነገር እስር ቤት እንገባ ነበር። አሁን አንድ ጨለማ ቤት ሰጡን። ሌላ የት እንሂድ?»

 ድንቹን አካፈልኩት።

ዓርብ ሥልጠናው አለቀ፤ የምስክር ወረቀት ሰጥተው ስሜን ተሳስተው ጻፉት። ቤት ስገባ እማማ ለተብርሃን ልብስ ይተኩሳሉ። የእኔንም ሸሚዞች ሳላዝዛቸው ተኩሰው ሰቅለውልኛል። ዓይናቸውን ከካውያው ሳያነሱ እንዲህ አሉኝ።

«የምትተኛበት ክፍል ባዶ ነው። ለልጄ ነበር ያዘጋጀሁት። ልጄ ሜዳ ነው፣ ከታጋዮቹ ጋር፤ ይኑር አይኑር አላውቅም። ከፈለግህ ሆም ኦፊስ ለጥገኝነት አፕላይ ታደርጋለህ፤ እኔም አድርጌ ነው የቀረሁት። ጓደኛህም ከዚያ ቤት ወጥቶ እዚህ ይምጣ። ሁለታችሁ ኑሩበት።»

«እማማ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የራሱ ጣጣ አለበት» አሉኝ። «እኔም የማልጠይቀውን አልጠይቅም። አልጋው ላይ ያለውን አንሶላ ብቻ በየሳምንቱ ቀይሩ።» ከዚያ ካውያውን ነቅለው ሽንኩርት ሊከትፉ ሄዱ።

ለመመለስ ልብሴን ስሸክፍ የነበርኩት ሰውዬ ያን ጊዜ ሻንጣዬን ተውኩና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቆረጥኩ። ዳንኤል እዚህ ከመጣ እቀራለሁ። አጎቴም ደረጃው ላይ ፈቅደውልኛል። ሁለታችን፣ አንድ ክፍል፣ በራችን ተዘግቶ፣ ማንም እጅ የማያወጣበት። ከዚያ በላይ ለምኜ አላውቅም።

ቅዳሜ የእነ ዳንኤል ዓመታዊ ሰልፍ ነው። አልሄድም አልኩ። ዳንኤል «ዳር ቆመህ እየኝ እንጂ» ብሎ ለመነኝ። እኔ በየዓመቱ የአብዮት በዓል እየተባለ ስሜ እየተጠራ አደባባይ የተሰለፍኩ ሰው ነኝ፤ ሰልፍ በቃኝ። ሆኖም ለዳንኤል ስል አስፋልቱ ዳር ጃንጥላ ይዤ ቆምኩ። ከባለመነጽሩ ጋር አንድ ትልቅ ባነር ይዞ የነበረ ሰው ድንገት ወደ እኔ መጣና የባነሩን እንጨት እጄ ላይ አድርጎ «ለአንድ ደቂቃ! ሽንት ቤት!» ብሎ ሮጠ።

አልተመለሰም። ባነሩ ደግሞ ይሄዳል፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። ልጣለው ብል ባለመነጽሩ በሌላው ጫፍ እያለቀሰ ይዘምራል። ለማን ልስጠው ብል ሁሉም የራሱን ይዟል። ካሜራ ያነገተ ሰው ባየሁ ቁጥር ባርኔጣዬን እስከ አፍንጫዬ አወርዳለሁ፤ ጃንጥላዬ ደግሞ ነፋሱ ገልብጦት ከጥቅም ውጪ ሆኗል። መንገድ ዳር የቆሙ ጎረምሶች እንቁላል ወረወሩ፤ አንዱ ኮቴ ላይ ፈረጠ። እንግዲህ ያ ሁሉ ስብሰባ ያላስወጣኝን እኔን የአንድ ሰው ሽንት አደባባይ አወጣኝ። ምን ተጽፎበት እንደነበር እንኳ አላውቅም፤ ከኋላው ነው ያየሁት።

ሲበተን ዳንኤል ክላፋም ሜዳው ዳር አንድ ሻይ ቤት ወሰደኝና ኮቴን በጨርቅ ይጠርግልኝ ጀመር። ፊቱ ያበራል።

«ኮራሁብህ!» አለኝ።

«ሰውየው ጥሎብኝ ነው የሄደው።»

«ይሁን! ስማ፤ ቤቱ ትናንት ተሰብስቦ ወስኗል። ከእኛ ጋር ትኖራለህ፤ በሙሉ ድምፅ። ጠበቃም አለ። ማክሰኞ አፕላይ እናደርጋለን። ምክንያቱን ግን በግልጽ መናገር አለብህ።»

«ዳንኤል፣ ሌላ ክፍል አለ» አልኩትና የእማማ ለተብርሃንን ነገር ነገርኩት። «አንተ እዚያ ከመጣህ ነገ አልሄድም። በቃ፤ እቀራለሁ።»

ጨርቁን አስቀመጠ። 

«ያ ክፍል ለእኔ አዲስ አበባ ነው» አለ። «እሳቸው ደግ የሆኑት ስላላወቁ ነው። ያወቁ ቀንስ?»

«ያውቃሉ።»

«ካወቁ ለምን አይናገሩም?»

«ለምን ይናገራሉ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሻይ የሚያመላልሰው ሰው ዘወር ብሎ አየን።

«እዚህ አገር ስመጣ የት አድር እንደነበር ታውቃለህ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባቡር ጣቢያ። ወሬዬ ከካርቱም ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። የአበሻ በር ሁሉ ተዘጋብኝ፤ እነዚያ ዝም የሚሉት ጨዋዎች ናቸው የዘጉት። የከፈተልኝ ብራያን ነው። የምትስቅባቸው ሰዎች ናቸው ያተረፉኝ፤ ሰብስበው፣ እጅ አውጥተው። ባጄን በር ላይ ነቅዬ ስገባ አይተኸኛል። ማክሰኞ ዕለት እንደዚያ ያመመኝ ነገር የለም። በየቀኑ እየነቀልኩ እንድገባ ትፈልጋለህ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ያን ቤት ሳስብ የተከደነ ቁርስ ነበር የሚታየኝ፤ ለእሱ ግን በሩ ነበር። ትክክል ነው። እኔም ትክክል ነኝ፤ የሚያበሳጨውም ይኸው ነው፤ አንዳችን ብንሳሳት ኖሮ ሌላው ያርመው ነበር።

«እኔ ደግሞ በጠበቃና በቃለ ጉባኤ አንተን መውደድ አልችልበትም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ማናችንም አልጠጣነውም።

እሑድ እማማ ለተብርሃን በማለዳ ስንቅ ቋጥረው ሰጡኝና ጉንጬን ስመው «ክፍሉ አለ» ብቻ አሉኝ። ዳንኤል ሂትሮው ድረስ ሸኘኝ። ባቡሩ ውስጥ በየትኛው በር እንውረድ በሚል ተጣላን፤ ሁለታችንም ደህና ሁን መባባል እንደማንችልበት ስለምናውቅ ለመጣላት የተመቸን ይሄ ነበር። መግቢያው ላይ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምንና ወረፋዬን ልይዝ ሄድኩ። ዞር ብዬ አላየሁም።

ወረፋው የአገር ቤት ወረፋ ነው። በገመድ የታሰረ ሻንጣ፣ ራዲዮ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ዕቃ። ፊቴ ነጠላ የደረቡ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ቆመዋል፤ ከእሳቸው ፊት ኤምባሲ የሚሠራ የሚመስል ባለከረባት ሰው። ደህና ቦታ ያዝኩ፤ ማንም የማያውቀኝ፣ ማንንም የማላውቅ።

«ጌታሁን!»

የዳንኤል ድምፅ ነው። አጥሩን ተደግፎ እጁን ያወዛውዛል።

«ጌታሁን! እወድሃለሁ! ሰው ሁሉ ይስማ፤ እወድሃለሁ!»

በአማርኛ ነው የጮኸው። በዚያ ሁሉ የእንግሊዝ ሕዝብ መሃል የሚሰማው ያ ወረፋ ብቻ ነው፤ ወረፋውም በሙሉ ዞረ። ባለከረባቱም ዞረ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ይህ ልጅ ሳምንት ሙሉ በስብሰባ፣ በጭፈራ፣ በባነር ሞክሮ ሲያቅተው አሁን በሂትሮው አዳራሽ!  እግሬ ግን ከቦታው አልነቃነቅ አለ።

ሴትዮዋ በትዝብት ሳይሆን በርኅራኄ አዩኝ። «ወንድምህ ነው?» አሉኝ።

መውጫ በር ነበር የከፈቱልኝ። አንድ «አዎ» ካልኩ ሁሉም ወደ ሻንጣው ይመለሳል። ይህችን «አዎ» በሕይወቴ ስንቴ እንዳልኳት እግዜር ይወቀው፤ ለአከራይ፣ ለወታደር፣ ለሐኪም፣ ለሁሉም። አፌ ላይ ደርሳ ነበር።

«አይደለም እናቴ» አልኳቸው።

እኔን አዩ። አጥሩን ተደግፎ የሚያለቅሰውን ዳንኤልን አዩ። እንደገና እኔን አዩ። ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው አላውቅም።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ጥለኸው የምትሄደው?» አሉኝ።

ወረፋው ተንቀሳቀሰ፤ ከኋላዬ ያሉት ገፉኝ።

«እኔ እንጃ እናቴ» አልኩ፤ ሻንጣዬንም አንስቼ ተከተልኳቸው።